ከሰላዩ ሥር

እሁድ ማታ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲል፣
መብራት ጠፍቶ መጋረጃው ሲጣል፣
ያ ጥቁርና ነጭ ሣጥን ሞቅ ሞቅ ብሎ ሲግል፣
ከመሐሉ አንዲት ነጥብ ብርሃን ስትበቅል፣
ሰላዩ ይመጣል።

ኮቱ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንገትጌው የቆመ፣
ግማሽ ፊቱ በርቶ ግማሹ የጨለመ፣
ከበርሊን ድልድይ ላይ ሰው እየጠበቀ፣
ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የደበቀ።

ወንድሜ ክላይቭ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣
ማይክሮፎን ደግኖ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ በጉልበቱ፣
«ትንፍሽ እንዳትሉ!» ይላል። እናታችንን ሳይቀር፣
«ሹራቡን ተዪው፣ መርፌሽ ይቀዳል» እያለ ሲያስቸግር።
ምን ያድርግ? ምስል የሚይዝ ዕቃ በሰፈሩ የለ፣
ያየነው በዚያው ሄደ፤ የቀረን ድምፁ ነው፣ በክር የተጠቀለለ።

ቴፑን አባቴ ነው በዱቤ ያመጣው፣
ዓሣ እንደሞላ ሣጥን ለሁለት የሚነሣው፤
ሁለት መንኮራኩር፣ አንድ አረንጓዴ ዓይን፣
ድምፅ ሲበረታበት የሚያጠብ ሽፋሽፍቱን፤
ሲሞቅ ደግሞ የሚሸት፣ ሰም ሰም፣ አቧራ አቧራ፣
እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ ከግሪምዝቢ ዓሣ ሽታ ጋራ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔም መሰለል አማረኝ።
ሐሙስ ማታ ማይክሮፎኑን ከሶፋው ጀርባ ሸጎጥኩ፣ ማንም ሳያየኝ፤
ቁልፉን ተጭኜ ወደ መኝታዬ ወጣሁ፣
ጆሮ ጠቢ ሆኜ አደርኩ፤ በማግሥቱ ከትምህርት መልስ ሰማሁ።

መጀመሪያ ወንበር። የሻይ ማንኪያ። ሳል።
ከዚያ አባቴ፦ «በረዶ ቤቱ ይዘጋል።
ከነገ በኋላ አትምጣ ብለውኛል።»
እናቴ፦ «ልጆቹስ?»
«ሆድ ይፍጀው» አለ፣ ቀስ።
ከዚያ ሳንቲም መቁጠር ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። ጸጥ፣ ረጭ ያለ ቤት።

በፊልሙ ቢሆን ምሥጢር አንዴ ከተሰማ
ይቃጠላል፣ ጭስ ይሆናል፣ ማስረጃም የለማ።
የኛ ክር ግን አይነድም፤ የሚነደው ሆዴ ነው፣
እሁድ ለክላይቭ ሰጠሁት፣ «ባዶ ነው፣ ባዶ ነው!»
አመነኝ።
አባቴ ላይ ሰላዩን ቀዳንበት።

ሰኞ አባቴ ቦቱን አጠለቀ፣
የምሳ ዕቃውን ይዞ በጨለማ ከቤት ራቀ፣
እንደ ወትሮው። ማክሰኞም። ረቡዕም። ሦስት ወር ሙሉ።
የት እንደሚውል እንጃ፤ ማታ ሲመጣ «ደከመኝ» ነው ቃሉ።
ድሮ ከበረዶው ሲመለስ መዳፉ ያስደነግጠኝ ነበር፣
እንደ ዓሣ ሆድ ቀዝቅዞ፤
አሁን ጉንጬን ሲነካኝ እጁ ሞቃት ነበር።
ሞቃት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ማወቄን እሱ አያውቅም፤
አንድ ቤት ሁለት ሰላይ፣ እናቴ ስትጨመር ሦስት፤ ማንም ለማንም አልተናገረም።
እሁድ አብሮን ያይ ነበር፣ ያን ሰው ትኩር ብሎ፣
«ይሄ ሰውዬ ውሸት አይችልበትም» ይላል፣ ፒፓውን ካፉ ነቅሎ።

ዘንድሮ ሚስተር ትሬድጎልድ መጣ፣ ከሌስተር በባቡር ተሳፍሮ፣
ነጭ ጓንት፣ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቋጥሮ።
«ጣቢያው ያን ክፍል ደምስሶታል፣ ክር ለመቆጠብ ኖሮ፤
በዓለም የቀረው ይህ ድምፅ ነው። ይህ ወርቅ ነው፣ ወይዘሮ!»
እሱም የእሁድ ልጅ ነው፤ ዜማው ሲጀምር ዓይኑ ሞላ እንደ ድሮ።
ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ። «ከሥር ማጉረምረም አለ፤
ማጥፊያው ደክሞ ኖሮ፣ የቀድሞው ሳይፋቅ ውስጡ ዋለ።
አይዞሽ፣ ይታጠባል፤ ሰላዩ ጠርቶ ይወጣል።»

ማዳመጫውን ተቀበልኩት።
ክብሪት ይጫራል። ነፋስ። እርምጃ በድልድዩ።
ከሥር፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ከሰላዩ፦
ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።

«ግልባጩን ውሰድ፤ እንደወደድክ እጠበው። ክሩ ግን አይነካ» አልኩት።
ሻይ አጠጣሁት፣ እስከ በሩ ሸኘሁት።

ሌሊት መብራቱን አጠፋሁ። አረንጓዴው ዓይን ይጠብባል።
ሰላዩ ከላይ ይዋሻል፤ አባቴ ከሥር ይቆጥራል።
አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ክሩ አልቆ ጫፉ ጥፍ ጥፍ ይላል።
እጄን ከክዳኑ ላይ አሳርፋለሁ።
ይሞቃል።